በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ስላሉት ስምንት ጭንቅላቶች

ለክቡር አቶ ጎድዊን አዛግሎ
የአቬኮፌ ወረዳ የጤናና የጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቬኮፌ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ጎድዊን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ፍጹም ጤና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ከራስ ፀጉርዎ ስል፣ በየማለዳው ከግራ ጆሮዎ ተነሥቶ ገላጣውን አናትዎን እያቋረጠ እስከ ቀኝ ጆሮዎ የሚጓዘውን ያንን ታማኝ ፀጉር ማለቴ ስለሆነ፣ ነፋስ እንዳያገኘው ዘወትር ጸሎቴ ነው። ለክብርት ባለቤትዎና ለልጅዎ ለዴላሊም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ስለ ዴላሊ ወደ ታች የምመለስበት ጉዳይ አለኝ።

እኔ አግቤኮ ኩዲያቦር እባላለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ያለው «እግዜር አይቸኩልም የወንዶች ፀጉር ቤት» ባለቤት ነኝ፤ በትክክል ለመናገር፣ ሠራተኞችዎ ቀይ ወረቀት ለጥፈው በሰንሰለት እስኪቆልፉት ድረስ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ዘርግቼ የራሴን የተቆለፈ በር ስጠብቅ እውላለሁ። ጊዜ ስለ ተረፈኝም ለጽሕፈት ቤትዎ የሚገባውን ምስጋና በጽሑፍ ለማቅረብ ወሰንኩ። ቅሬታ የሚለውን ቃል እንደማይወዱት ስለማውቅ ምስጋና ብዬዋለሁ። በቁጥር የከፋፈልኩትም በእኛ መናኸሪያ ያለ ቁጥር የሚሠራ ነገር ስለሌለ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ።

የወረዳው ሕዝብ የራስ ቆዳውንና የፀጉሩን በሽታ ለይቶ እንዲያውቅ፣ መፍትሔውንም እንዲረዳ ትልቅ የትምህርት ሰሌዳ ለማሠራት ሲወስኑ የሐሳቡን ቅንነት የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ሥራውን ለሠዓሊ ወላንዮ መስጠትዎም አያስወቅስም፤ በአቬኮፌ ከእሱ ሌላ ሠዓሊ የለምና። ነገር ግን ወላንዮ ዕድሜ ልኩን ሲሥል የኖረው የፀጉር ቤት ሰሌዳ ብቻ ነው። ምናልባት የእኛን ሰሌዳዎች በመኪና መስኮት ብቻ አይተዋቸው ከሆነ ላስታውስዎ፦ እያንዳንዱ የፀጉር ቁርጥ በአንድ ጭንቅላት ላይ ይሣልና ከሥሩ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና «ሦስት» ወይም «ሰባት» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በኋላ ስለ ፀጉር የሚወራ ወሬ የለም፤ ወሬው ስለ ኳስና ስለ ሰው ሚስት ነው።

እናም ወላንዮ ጭንቅላት የሚሥልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ያለ፣ ቆዳው ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግ ያለ፣ ከአንገቱ በታች ቁጥር ያለበት። ፎረፎር ሣል ሲሉት ፎረፎር ያለበት ቆንጆ ጎረምሳ ሣለ። ላሽ ሣል ሲሉት አናቱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ገላጣ ነገር ያለው፣ የሠርጉ ቀን የደረሰ የሚመስል ሙሽራ ሣለ። ቅማሎቹን እንኳ እግራቸውን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ጀርባቸውን እንደ ጥንዚዛ አብርቆ ሥሏቸዋል። በሽታ አስቀያሚ መሆን እንዳለበት ማንም አልነገረውም፤ እሱም አስቀያሚ ሰው ሥሎ ስሙን ማጥፋት አልፈለገም።

ይህም ሆኖ ሰሌዳው ከላይ «የራስ ቆዳና የፀጉር በሽታዎች፣ መፍትሔያቸውም» የሚል ርእስ ነበረው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቆይቷል። ከምሳ በኋላ እርስዎ ሊጎበኙ መጡና ስምዎ የትም እንደሌለ አስተዋሉ። ወላንዮም በትእዛዝዎ መሠረት ርእሱን አጥፍቶ በምትኩ «በክቡር አቶ ጎድዊን አዛግሎ መልካም ፈቃድ ለአቬኮፌ ሕዝብ የቀረበ» ብሎ በቀይ ጻፈ። የእርስዎም ምስል መሐል ላይ እንዲገባ ስላዘዙ፣ በሽታዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ አስገባዎት፤ ልማድ ሆኖበትም ከአንገትዎ በታች አምስት ቁጥር ጻፈብዎት። መፍትሔዎቹ ከየጭንቅላቱ ሥር የጉንዳን እግር በሚያካክሉ ፊደላት ተጻፉ። ከዚያም ይህን ሁሉ ተሸክመው አምጥተው፣ መናኸሪያው ያን ያህል ግድግዳ እያለው፣ ከእኔ በር አጠገብ ሰቀሉት። ለዚህ ያለኝን ምስጋና በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

ሁለተኛ፦ ስላመጡልኝ ደንበኞች አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው አንድ የሞተር ሳይክል ሹፌር ነበር። ተቀመጠና «ከአዲሱ ሰሌዳ አራት ቁጥር» አለኝ። አራት ቁጥር ላሽ ነው። ወንድሜ፣ እሱ እኮ በሽታ ነው ብዬ ብነግረው በመስታወት ውስጥ በትዕግሥት አየኝና፣ «ኤፎ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሙያው አልያዘልህ ከሆነ ንገረኝ፤ ኃላፊው በፊርማቸው የፈቀዱትን ቁርጥ አንተ በሽታ ነው ትለኛለህ?» አለኝ፤ በጣቱም ቀዩን ጽሑፍ አሳየኝ። ርእሱ የት እንደ ደረሰ ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሰማኝም። ጎረቤቴ ያለው ፀጉር አስተካካይ ቶንዶሱን ሲያስነሣ ሰማሁ። እኔም አስነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አይጠይቁኝ። ፎረፎርን፣ ማለትም አንድ ቁጥርን የመረጡ ደንበኞች ተቆርጠው ሲጨርሱ ፓውደሩን ከትከሻቸው ላይ እንዳላራግፍ ይለምኑኝ ነበር። ሦስት ቁጥር ሹሩባ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ከግንባር የሚሸሸው ፀጉር ነው፤ ይኸኛው ሴቶቹ ዘንድ ተወደደና ሹሩባ ሠሪዎቹ የደንበኞቻቸውን ግንባር በምላጭ ወደ ኋላ ሲያስኬዱ ሰነበቱ፤ ከሥሩ «ሹሩባውን ያላሉ» ተብሎ የተጻፈውን ግን ያነበበ አልተገኘም። በማለስለሻ ተቃጥሎ የተበጣጠሰውን ሰባት ቁጥርን አንድ የባንክ ጸሐፊ መርጦ ቶንዶሴን እያንገዳገድኩ እንድሠራለት ጠየቀኝ፤ ቀላል ሥራ አልነበረም። ስምንት ቁጥርን የመረጠ አንድ ተማሪ ደግሞ ቅማሎቹን ከጆሮው በላይ በምላጭ ቅረጽልኝ ቢለኝ፣ ሦስቱን ከነእግራቸው ቀረጽኩለት። ስድስት ቁጥርን፣ ከማጅራት ላይ የሚወጣውን የምላጭ ብጉር ግን እምቢ አልኩ፤ ሙያዬ መቁረጥ እንጂ ማብቀል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መመስከር አለብኝ። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አምስት ቁጥር ያለኝ አንድም ደንበኛ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ስለ ኳሱ አመሰግናለሁ።

የከተማችን ቡድን «የአቬኮፌ ነብሮች» እንደሚባል ያውቃሉ፤ ልጅዎ ዴላሊ የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ነው። ነብሮቹ ሰሌዳውን ሲያዩ ዓይናቸው ሁለት ቁጥር ላይ አረፈ። ሁለት ቁጥር ቆረቆር ነው፤ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩን የሚያረግፈው፣ ጠርዙ ነጭ ቅርፊት የሚይዘው። እነሱ ግን ያዩት የነብር ዝንጉርጉር ነው። ሁሉም፣ ተጠባባቂዎቹ ሳይቀሩ ተሰልፈው መጡ፤ ዴላሊ ከፊት ነበር። እጄ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ክቦቹን በሻይ ብርጭቆ አፍ እየለካሁ አወጣኋቸው፤ ከሥዕሉ ጋር አንድ እንዲሆንም በየጠርዙ ነጭ ፓውደር በጥጥ ነካ ነካ አደረግኩበት። ወላንዮ ራሱ መጥቶ አየና እንባው መጣ።

በሳምንቱ ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ሲገጥሙ ሦስት ለባዶ አሸነፉ፤ ሦስቱም በቴስታ። የነብሮቹ ጭንቅላት የነካውን ኳስ በጭንቅላቱ ሊነካ የደፈረ ተከላካይ ስላልነበረ፣ ልጆቻችን ማዕዘን ምት በመጣ ቁጥር ብቻቸውን ይዘሉ ነበር። የተሸነፉት «የታመሙ ሰዎች አሰለፉብን» ብለው ለጽሕፈት ቤትዎ አቤት አሉ። ተቆጣጣሪዎችዎም በማግስቱ ልምምድ ሜዳ ድረስ መጡና፣ እንዳይተላለፍባቸው ከሜዳው መስመር ውጭ ቆመው በሩቅ ማያ መነጽር መረመሯቸው። ነጩን ጠርዝ አዩ። ቆረቆር ነው አሉ። በዚያው ምሽት በሬዲዮ፣ በእርስዎ በራስዎ ድምፅ፣ ወረርሽኝ መግባቱን ሰማን።

የሙያ ሰው ነኝና ሥራዬ እውነተኛ በሽታ እስኪመስል ድረስ መድነቁን እንደ ሽልማት ቆጥሬዋለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ወሰዱት ፈጣን እርምጃ አመሰግናለሁ።

ፍጥነቱን ለሌላ ጉዳይ አይተነው አናውቅም። ለቆረቆር የሚዋጥ ክኒን እንጂ ቅባት ብቻውን እንደማይበቃው፣ ክኒኑም ለሳምንታት ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ በሰሌዳዎ ላይ ከሁለት ቁጥር ሥር ተጽፏል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ያነበብኩት ከዚያው ነው። እርስዎም ይህንኑ አክብረው በጤና ጣቢያው የነበረውን ክኒን ሁሉ ለነብሮቹ እንዲታደል ፈረሙ። ዴላሊ ወደ ቤት ገብቶ ራት ሲቀርብ ቆቡን ሲያወልቅ የሆኑትን እናቱ ለሰፈሩ ስለ ነገሩ አልደግመውም። አባት ነዎት፤ መደንገጥዎ አያስነውርም። ልጁ ግን «አባዬ፣ ቁርጥ ነው» ቢልዎ፣ በሽተኛ ሁልጊዜ ሕመሙን ይክዳል ብለው ክኒኑን በውሃ አስዋጡት።

በማግስቱ የወረርሽኙ ምንጭ ተብሎ ሱቄ ታሸገ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የልጆቹ ፀጉር እንደ ደንቡ በቀለ። እርስዎም ወረርሽኙ በጽሕፈት ቤትዎ ብርቱ ክትትል ድል መመታቱን አወጁ፤ ከበሮ ተመታ፣ ከክልሉም የምስክር ወረቀት መጣልዎ። እኔም ከማንጎው ሥር ሆኜ አጨበጨብኩ። ሱቄ ለምን እንደማይከፈት ስጠይቅ፣ ከተከፈተ ወረርሽኙ ሊመለስ ይችላል ተባልኩ፤ ይህን ለመካድ አልደፍርም።

አምስተኛውን ቁጥር፣ አስቀድሞ የተያዘ ስለሆነ፣ ለክብርዎ ስል ዘልዬዋለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ ካፉይ።

እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ጠፍቶኛል፤ እስካሁን የያዝኩት ፈገግታም ከዚህ አያልፍም።

ዳ ኤሲናምን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላትን፣ ያውቋታል፤ ከመናኸሪያው በር ላይ በቅጠል የተጠቀለለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል፣ ኬንኬ የምትሸጠው ናት፤ ሾፌርዎ ዓርብ ዓርብ ከነተጠበሰው ዓሣ የሚወስድልዎ ከእሷ ነው። ካፉይ ልጇ ናት፤ የስምንት ዓመት ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ። የትምህርት ቤቱን ልጆች ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳልል፣ በደንቡ መሠረት አሳጥሬ የምቆርጠው እኔ ስለሆንኩ ጭንቅላቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሰሌዳው ከመሰቀሉም በፊት ከጆሮዋ በላይ ያሳክካት ነበር። ቀጥሎ አንድ ክብ ወጣባት፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ አሁን አራት ሆነዋል። ጠርዛቸው ነጭ ነው፤ ፓውደር ግን አይደለም። በጣት ሲነኩት ያማታል፤ ፀጉሯ በእጅ እየተነቀለ ይወጣል።

እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ አየቻትና፣ ወረርሽኙ እንዳለቀ፣ ይህ ደግሞ ሁለት ቁጥር የተባለው ቁርጥ መሆኑን አገር እንደሚያውቀው ነገረቻት። «ሂጂና ለአግቤኮ ንገሪው» አለቻት፣ «በሕፃን ራስ መቀለዱን ይተው።» ዳ ኤሲናም አልቆረጣትም ብላ ብትምልላት፣ እንግዲያው አለመቁረጡን በማኅተም አረጋግጦ ይጻፍልሽ ተባለች። ማኅተሜ ሱቁ ውስጥ ነው። ሱቁ የታሸገው በእርስዎ ነው። ማኅተሜን ላውጣ ብዬ ጽሕፈት ቤትዎ ስሄድ፣ ወረርሽኝ ካለ በር እንደማይከፈት፣ ወረርሽኝ ከሌለ ደግሞ በሽተኛ ስለሌለ ወረቀቱ እንደማያስፈልግ ጸሐፊዎ በጨዋ ደንብ አስረዱኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።

ትምህርት ቤቱም የፋሽን ቁርጥ ስለሚከለክል፣ ፀጉሯ እስኪበቅል እንዳትመጣ ብሎ አሰናብቷታል። ስለዚህ የእናቷን ሻሽ አስራ ከእኔ ጋር ከማንጎው ሥር ትውላለች። መጀመሪያ ደብተሯን ይዛ ትመጣ ነበር፤ አሁን ትታዋለች። በቀደም ዕለት ሰሌዳውን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ኤፎ አግቤኮ፣ እኔን ማነው የቆረጠኝ?» አለችኝ።

ማንም አልቆረጠሽም አልኳት።

«ታዲያ የእነ ዴላሊ ተመልሶ የእኔ ለምን አይመለስም?»

የተከበሩ አቶ ጎድዊን፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር እንደዚያ ቀን እልህ ይዞኝ አያውቅም። ጤነኞቹ የበሽተኛ ክኒን ዋጡ፤ በሽተኛዋ የጤነኛ ቅጣት ተቀጣች። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ርእስ ምክንያት ነው፤ ያ ርእስ ደግሞ የጠፋው ለስምዎ ቦታ ሲፈለግ ነው።

ሰባተኛና የመጨረሻ፦ ስለ ልጅዎ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው እውነተኛ ምስጋና ነው።

ካፉይ የጠየቀችኝን ጥያቄ ለዴላሊ ደገምኩለት። ተነሥቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የቡድኑን ልጆች ሁሉ አስከትሎ ተመለሰ። ፀጉራቸው ሲበቅል ከመዋጥ የተገላገሉትን ክኒን እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ይዘው መጥተዋል። ግማሹ ገና አልተነካም። ሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ ሰብስበን ከወንበሬ ሥር አስቀምጠነዋል። ዴላሊ እንስጣት አለኝ። እኔ ግን እምቢ አልኩ፤ ለእሷ ስንት እንደሚበቃት፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ የልጅ ሆድ ደግሞ እንደ ጭንቅላት አይደለም፣ ቢበላሽ ተመልሶ አይበቅልም። ያን ማወቅ የእርስዎ ጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። ነርሷ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ የካፉይን ጭንቅላት በእጇ ነክታ ትመልከተው፤ ልጅቷን ትመዝናት፤ ከቆርቆሮው የሚገባትን፣ ከጎደለም አዲስ ክኒን አስመጥታ ትስጣት፤ ለትምህርት ቤቱም ይህ ቁርጥ አይደለም፣ ሕመም ነው ብላ ትጻፍላት። የሱቄ ነገር ይቆይ። ማንጎው ጥላ አለው።

ማኅተም ስለሚያስፈልግም፣ እኔ አግቤኮ ኩዲያቦር፣ በካፉይ ራስ ላይ ያሉት አራት ክቦች የእጄ ሥራ አለመሆናቸውን በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ማኅተሜ ተቆልፎበት ስላለ አውራ ጣቴን በጥቁር የፀጉር ቀለም ነክሬ ከታች አትሜበታለሁ። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ እርስዎም የሚጠቀሙበት ዓይነት ስለሆነ ለትክክለኛነቱ እማኝ ይሆኑኛል።

በመጨረሻም ላስጨንቅዎ ፈልጌ ሳይሆን ለመረጃ ያህል ነው፤ የፊታችን እሑድ ነብሮቹ የዋንጫ ጨዋታ አላቸው። የክልሉ አስተዳዳሪ በእንግድነት እንደሚገኙ፣ እርስዎም ከጎናቸው እንደሚቀመጡ ሰምተናል። ልጆቹ ትናንት ከማንጎው ሥር ተሰብስበው ተመካከሩ፤ እኔ ውሳኔያቸው ውስጥ የለሁበትም፣ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነኝ። ካፉይ እስከ ዓርብ ድረስ ካልታየች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ተሰልፈው መጥተው አምስት ቁጥር ሊቆረጡ ወስነዋል። አናታቸውን እኔ እላጫለሁ፤ ፀጉራቸው ገና አጭር ስለሆነ፣ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ የሚሻገረውን ወላንዮ በቀለም ሊሥልላቸው ተስማምቷል። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ሁሉም በአንድ መስመር ከክቡር እንግዳው ፊት ይቆማሉ።

አምስት ቁጥር እስካሁን አንድም ፈላጊ አለማግኘቱ ቅር ሲያሰኘኝ ስለ ነበር፣ በመጨረሻ ደንበኛ ማግኘቱ ያስደስትዎታል ብዬ አምናለሁ። ከሰልፉ ፊት የሚቆመው ዴላሊ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የእርስዎ የጤና፣ የጽዳትና የመልካም ፈቃድ ተጠቃሚ፣ በእጄ ምላጭ በልቤ ትዕግሥት ይዤ በማንጎው ጥላ ሥር የምጠብቅዎ ትሑት አገልጋይዎ፣

አግቤኮ ኩዲያቦር
«እግዜር አይቸኩልም የወንዶች ፀጉር ቤት» (ለጊዜው የማንጎ ዛፍ)
የአውራ ጣት ማኅተም

ግልባጭ፦
ለአቬኮፌ ነብሮች እግር ኳስ ቡድን
ለዳ ኤሲናም፣ ኬንኬ መሸጫ
ለጤና ጣቢያው ነርስ፣ ጠረጴዛቸው ዘንድ
ለሰሌዳው፣ ከአምስት ቁጥር ሥር የሚለጠፍ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ ካፉይ ሙጫውን ይዛልኝ ነበር። የጉንዳን እግር የሚያካክሉትን ፊደላት አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ደብተሯን ብትተውም ንባቧን አልተወችም። ከአንድ እስከ ስምንት ለሁሉም መፍትሔ ተጽፎላቸዋል፤ ከአምስት ቁጥር ሥር ግን ባዶ ነው። ወላንዮን ብንጠይቀው «ለእሱ መድኃኒት አልተሰጠኝም» አለን። ልጅቷ ተጨንቃ፣ የአምስት ቁጥር በሽታ ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዳትፈራ ብዬ አይተላለፍም አልኳት፤ ከጠረጴዛዋ ያልተነሣችው ነርስ ትዝ ስትለኝ ግን ዋሽቻት እንዳይሆን ሰግቻለሁ።